ውድ ጠመንጃ ወይስ ርካሽ? ዝንጀሮዋ «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» ብላለች

ስንዴ ተወቅቶ፣ በቆሎ ተፈልፍሎ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ በምሥራቅ ጎጃም የገጠር ከተሞች ገንዘብ ይንቀሳቀሳል፡፡ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ የሚገኘው የደብረ ኤልያስ ወረዳም በስንዴና በበቆሎ ምርቱ የእህል ነጋዴ ዓይን የማይለየው አካባቢ ነው፡፡ ገበሬው እህሉን ሸጦ የማዳበሪያ ዕዳውን ይከፍላል፣ ቆርቆሮ ይገዛል፣ በሬ ይለውጣል፡፡ ይህ ሁሉ ተደርጎ በምትተርፈው ገንዘብ ላይ ግን አንድ የቆየ ጥያቄ ይነሳል፡፡ ማሳውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የሚጠብቅበት ጠመንጃ ይግዛ? ከገዛስ ውዱን ይሻል ወይስ ርካሹን?

ጥያቄው የገበሬው የግል ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፡፡ ሆኖም በጥር ወር ከገበሬው ኪስ ወጥታ ጠመንጃ ላይ የምትውለው ገንዘብ በሐምሌ እህል ሆና ወደ ገበያ አትመለስም፡፡ ስለሆነም ጥያቄው እህል ሰብሳቢውን፣ ደላላውን፣ ወፍጮና የዱቄት ፋብሪካ ያለውን ባለሀብት ሁሉ ይመለከታል፡፡

ባለሙያው እንዴት ይመርጣል?

ሰብል አጥፊ እንስሳትን ለመከላከል ተብሎ የሚሠራ ጠመንጃ በውጭው ዓለም ራሱን የቻለ ዕቃ ነው፡፡ አፈሙዙ ወፍራምና ከባድ ነው፤ ቶሎ እንዳይግልና እንዳይንቀጠቀጥ ተብሎ ነው፡፡ ጥይቱ ትንሽና ቀላል ሆኖ በሰከንድ ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት አለው፡፡ እርሳሱ ዒላማውን እንደመታ እንዲፈረካከስ ሆኖ የተሠራ ሲሆን፣ ይህም ነጥሮ ሌላ ቦታ ጉዳት እንዳያደርስ ይረዳል፡፡ በ100 ሜትር ርቀት ላይ ተከታታይ ጥይቶችን በአንድ ሳንቲም ስፋት ላይ የማሳረፍ ችሎታ ይጠበቅበታል፡፡

በዚህ ገበያ ላይ ውድና ርካሽ የሚባሉት ዕቃዎች ልዩነት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጠብቧል፡፡ ቀደም ሲል ርካሽ ጠመንጃ ማለት የማይመታ ጠመንጃ ማለት ነበር፡፡ እንደ ሳቬጅና ሩገር ያሉ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ግን አፈሙዙን በማሽን እየሠሩ፣ ሰደፉን ከፕላስቲክ እየቀረጹ ዋጋውን አወረዱት፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ላይ የዋለው ሩገር አሜሪካን ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፡፡ ዛሬ በአምስትና በስድስት መቶ ዶላር የሚሸጥ ጠመንጃ ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ከሚጠየቅበት ጋር ሲወዳደር በዒላማ ላይ የሚያሳየው ልዩነት ጥቂት ነው፡፡ ትርፉ ገንዘብ የሚከፈለው ለዋልነት እንጨት ሰደፍ፣ ለእጅ ሥራና ለስም ነው ማለት ይቻላል፡፡ ልምድ ያላቸው አዳኞችም ከጠመንጃው የተረፈውን ገንዘብ በማነጣጠሪያው መነጽር፣ በጥይቱና በልምምዱ ላይ ቢያውሉት የተሻለ ውጤት ያገኙበታል፡፡

ውዱ ጠመንጃ ዋጋውን የሚያወጣበት ቦታም አለ፡፡ ወደ ባሌና አርሲ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች የሚመጣው የውጭ አገር አዳኝ ለአንድ የደጋ አጋዘን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል፡፡ ለዚህ ሰው አንዲት የሳተች ጥይት ማለት የአውሮፕላን ቲኬቱን፣ የፈቃዱንና የአጃቢውን ወጪ ማጣት ማለት ናት፡፡ ውድ ጠመንጃ መያዙም ያዋጣዋል፡፡ የመሣሪያ ዋጋ ሊመዘን የሚገባው አንዷ ተኩስ በምታስገኘው ጥቅም ነውና፡፡ በደብረ ኤልያስ ማሳ ዳር የምትተኮስ ጥይት ግን የምታድነው ጥቂት የበቆሎ እሸት ነው፡፡

ርካሹ ጠመንጃ ያስከፈለው

ኢትዮጵያ የርካሽ ጠመንጃን ገበያ ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች፡፡ አውሮፓ አዲስ መሣሪያ በታጠቀች ቁጥር የጣለችው አሮጌ በቀይ ባሕርና በታጁራ በኩል ወደዚህ ይጎርፍ ነበር፡፡ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበንን ስትታጠቅ ከእጇ ያወጣችው ውጅግራም መጨረሻው እዚሁ ነበር፡፡

የዚህ ንግድ ታዋቂው ምሳሌ ግጥም ጽፎ በወጣትነቱ የተወው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነው፡፡ ራምቦ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ከታጁራ በግመል አስጭኖ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ ደረሰ፡፡ ዕቃው አውሮፓ ከአርባ ዓመት በፊት የተወችው፣ በቤልጅግ ሊዬዥና በፈረንሳይ አሮጌ መሣሪያ ሻጮች ዘንድ በሰባትና በስምንት ፍራንክ የሚገኝ መሆኑን ራሱ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ገልጾታል፡፡ ሸዋ ላይ በ40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣል የሚል ስሌት ነበረው፡፡

ስሌቱ በወረቀት ላይ ያማረ ቢሆንም የተገኘው ሌላ ነው፡፡ ሽርካው ላባቱ ሞተ፡፡ ጉዞው ወራት ፈጀ፡፡ ንጉሥ ምኒልክ ዋጋውን አስወርደው፣ የላባቱን ዕዳ ቀንሰው፣ ቀሪውን ሐረር ላይ ከራስ መኮንን እንዲቀበል አዘዙለት፡፡ ሌሎች ባለዕዳ ጠያቂዎችም እየመጡ ያዙት፡፡ በመጨረሻም የጠበቀውን ትርፍ ሳያገኝ ቀረ፡፡ ራምቦን የጎዳው የጠመንጃው ዋጋ አልነበረም፤ በዋጋው ውስጥ ያላስገባቸው ወጪዎች ነበሩ፡፡ የዛሬው ገዢም የሚወድቀው በዚሁ ጉድጓድ ነው፡፡

ዋጋው ሰም፣ ወጪው ወርቅ

ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናት፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ እርሷ ነች፡፡ በቅኔ ቤት ቋንቋ ለመናገር የጠመንጃ ዋጋ ሰሙ ሲሆን ወርቁ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወጪ ነው፡፡

የመጀመሪያው ወጪ ጥይት ነው፡፡ ከጣሊያን ወረራ በፊት መንግሥት ከውጭ ካስገባቸው መሣሪያዎች አንዱ የሆነው ቤልጅግ ሞዘር በአያት እጅ ቆይቶ በልጅ ልጅ እጅ እስከ ዛሬ ይገኛል፡፡ አሠራሩ ጽኑ ነው፤ በአንድ ጥይት በርቀት በመምታትም ክላሽ አይደርስበትም፡፡ ጥይቱ ግን የዛሬዎቹ ሠራዊቶች የማይታጠቁት ዓይነት ነው፡፡ ክላሽ በበኩሉ ጥይቱ ዓለምን የሞላ ቢሆንም ለጦር ሜዳ እንጂ ለማሳ ጥበቃ አልተሠራም፡፡ በ100 ሜትር ላይ ጥይቶቹ የመዳፍ ስፋት ያህልና ከዚያም በላይ ይበታተናሉ፡፡ ሁለቱም የሚተኩሱት እርሳስ ዒላማውን በስቶ የሚያልፍ ነው፡፡ የሳተ ጥይት ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ስለሚችል ጎጆ ከጎጆ በተጠጋጋበት አገር ማረፊያው የጎረቤት በረት ወይም ደጃፍ ሊሆን ይችላል፡፡ የጉማ ዕዳ ደግሞ በኩንታል የሚቆጠር አይደለም፡፡

ሁለተኛው ወጪ ሕግ ነው፡፡ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥንና ማዘዋወርን ይከለክላል፡፡ ያለ ፈቃድ የሚገዛ ጠመንጃ ደረሰኝ የለውም፣ ዋስትና የለውም፣ ሻጩ ቢያታልል ክስ የሚቀርብበት ችሎት የለም፡፡ በማንኛውም ጊዜ ሊወረስ የሚችል ንብረት ሲሆን ባለቤቱንም ለእስር ይዳርጋል፡፡ ፈቃድ ያለውም ቢሆን እንዳሻው ማደን አይችልም፤ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አደንን በፈቃድ ብቻ የሚደረግ አድርጎታልና፡፡

ሦስተኛው ወጪ ዋጋውን የሚወስነው ማን ነው ከሚለው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው፡፡ በሰላም ጊዜ ጠመንጃን የሚያስወድደው ጥራቱና ክብሩ ነው፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እንደታየው ዓይነት የትጥቅ ግጭት ባለበት ክልል ግን ገዢው ገበሬ ከዝንጀሮ ጋር ሳይሆን ከግጭት ጋር እየተሻማ ነው የሚገዛው፡፡ በቆሎ ለመጠበቅ ተብሎ የጦርነት ዋጋ መክፈል የትም አገር ቢሆን ኪሳራ ነው፡፡

ዝንጀሮውስ ምን ይላል?

ጠመንጃው ሥራውን ይሠራል ከተባለም የሥራው መጠን መታወቅ አለበት፡፡ ዝንጀሮና ጦጣ በቀን የሚመጡ፣ በመንጋ የሚንቀሳቀሱና ዘብ የሚያቆሙ ናቸው፡፡ አንድ ጊዜ ከተተኮሰባቸው ሰው ምን እንደያዘና እስከ የት ድረስ እንደሚመታ ለማወቅ ጊዜ አይፈጅባቸውም፡፡ ጠባቂው ለምሳ ሲነሳ እነርሱ ይገባሉ፡፡ ጃርትና የዱር አሳማ ደግሞ የሌሊት ሠራተኞች ናቸው፤ በጨለማ የሚተኮስ ጠመንጃ ከጃርቱ ይልቅ ለሰው ያሰጋል፡፡

የማማ ላይ ጠባቂ፣ ወንጭፍ፣ ጅራፍና ውሻ የሚያደርጉት ነገር ቢኖር ሰው መኖሩን ማሳየት ነው፡፡ ጠመንጃም በዚህ ረገድ ከጅራፍ የተለየ ጥቅም የለውም፤ ድምፅ ነው፡፡ ሰው ከሌለበት ማሳ ዳር ቤት ውስጥ የተሰቀለ ውድ ጠመንጃ አንዲት ዛላ አያድንም፡፡ ማሳቸው የተያያዘ አሥር አባወራዎች እሸት በሚደርስበት ወቅት በወንፈል ተራ ቢጠባበቁ ግን ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው በአሥር ቀን አንድ ቀን ነው፡፡ ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ የለም፤ የሚጠይቀው ስምምነት ብቻ ነው፡፡

ያልተተኮሰበት ሌባ

አበው ስለ ዝንጀሮ የተናገሩት ተረት ለዚህ ጉዳይ ልክ ነው፡፡ ዝንጀሮዋ መላ አካሏን እሾህ ወግቷት የትኛው ይነቀልልሽ ብትባል «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ይባላል፡፡ ገበሬውም የተወጋው በብዙ እሾህ ነው፡፡ ዝንጀሮ ከማሳው ጠርዝ ይበላል፤ ይታያል፤ ያናድዳል፡፡ ነቀዝና አይጥ ግን ታርሶ፣ ታርሞ፣ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ወጪው ሁሉ ካለቀ በኋላ ጎተራ ውስጥ ገብተው ይበላሉ፡፡ ድምፅ ስለሌላቸው አያናድዱም፤ ጠመንጃም አይገዛባቸውም፡፡

ለስሌት እንዲመች 40 ኩንታል በቆሎ የሚያገባ አንድ ገበሬ ይታሰብ፡፡ ከአሥሩ አንዱን ነቀዝና አይጥ ቢወስዱበት በዓመት 4 ኩንታል፣ በሦስት ዓመት 12 ኩንታል ይጎድላል ማለት ነው፡፡ ነቀዝ ፈርቶ ግማሹን፣ ማለትም 20 ኩንታሉን፣ ገበያ በሞላበት በጥር ቢሸጠውና ዋጋው እስከ ሐምሌ በአንድ አምስተኛ ቢጨምር፣ ሳይነቅዝ የመሸበት የሌላ 4 ኩንታል ዋጋ በእጁ ሳይገባ ይቀራል፡፡ ቁጥሩን እያንዳንዱ በራሱ ጎተራ ልክ ሊያስተካክለው ይችላል፡፡ የቱንም ያህል ቢስተካከል ግን ጥያቄው ያው ነው፤ ዝንጀሮ ከማሳው ጠርዝ የሚወስደው ከዚህ ይበልጣል ወይ?

ለዚህኛው እሾህ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፡፡ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሜሩን ለአደንጓሬ ማስቀመጫ የጀመሩት ፒክስ የተባለው ከረጢት ከነጭራሹ ኬሚካል አይፈልግም፡፡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ ከውስጥ፣ አንድ የተሸመነ ማዳበሪያ ከውጭ ሆኖ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር፣ ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል፡፡ ይህ ከረጢት ኢትዮጵያ ከገባ ዓመታት አስቆጥሯል፡፡ ጉድለትም አለው፡፡ እህሉ በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል፤ አይጥም ላስቲኩን ልትበሳው ትችላለች፡፡ ስለዚህ ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥና የጸዳ ቤት ይፈልጋል፤ አቅም ላለው ደግሞ የብረት ጎተራ አይጥንም ነቀዝንም ይከለክላል፡፡ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ነቀዝ ለመግደል ተብሎ የሚቀመጠው የፎስፊን ክኒን ግን ሰውንም የሚገድል ጋዝ ስለሚያወጣ ርካሽነቱ ሊያታልል አይገባም፡፡

የተቃራኒው ወገን ክርክር

እዚህ ላይ የሚነሳ መቃወሚያ አለ፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም፡፡ በጎጃም ጠመንጃ የዝንጀሮ መጠበቂያ ብቻ ሆኖ አያውቅም፡፡ የሰርግና የለቅሶ ክብር ነው፤ የወንድነት ምልክት ነው፤ መንግሥት ሩቅ በሆነበት ጊዜ የባለቤቱ መተማመኛ ነው፡፡ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሞጣና ብቸና ሲያምፁ ከቅሬታዎቹ መካከል የጠመንጃ ምዝገባ ጉዳይ ይገኝበት ነበር፡፡ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነስተዋል፡፡ ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ጠመንጃን በኩንታል ብቻ አይመዝነውም፡፡

ሌላም አለ፡፡ ጠመንጃ ቁጠባ ነው የሚሉ አሉ፡፡ እንደ በሬ አይሞትም፣ ድርቆሽ አይበላም፣ ብር ሲረክስ እርሱ ይወደዳል፡፡ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀና ብር ከዶላር አንፃር በጥቂት ወራት ውስጥ ከግማሽ በላይ ዋጋውን ካጣ በኋላ ይህ አባባል ሰሚ ማግኘቱ አያስገርምም፡፡

መልሱ ግን እዚያው አባባል ውስጥ አለ፡፡ ቁጠባ ማለት በችግር ቀን በአደባባይ ሊሸጥና ሊያስበድር የሚችል ሀብት ነው፡፡ በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ የዋስትና መብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትና እህል በብድር ዋስትና እንዲያዙ በር ከፍቷል፡፡ በክላሽ የሚያበድር ባንክ የለም፡፡ ክብርን በተመለከተም በሐምሌ ጎተራው ሙሉ የሆነ ሰው ጎረቤቱ እህል ሊበደረው የሚመጣ ሰው ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ክብር በገጠር አይገኝም፡፡

ምን ይደረግ?

ውዱ ወይስ ርካሹ ለሚለው ጥያቄ አጭሩ መልስ የሚከተለው ነው፡፡ ፈቃድ ያለውና በሕግ የሚያድን ሰው ርካሹን ገዝቶ የተረፈውን በመነጽርና በልምምድ ላይ ቢያውለው አይቆጭም፡፡ በአያቱ ጠመንጃ በፈቃድ የሚጠብቅ ገበሬም አዲስ መግዛት አያስፈልገውም፤ ያለውን ይወልውል፡፡ ምንም የሌለው ገበሬ ግን በውዱና በርካሹ መካከል ከመዋለሉ በፊት ጎተራውን ይመልከት፡፡ የሁለቱ ጠመንጃዎች የዋጋ ልዩነት ብቻ ለዓመታት ነቀዝን የሚከለክል ከረጢት ሊገዛ ይችላል፡፡

ቀሪው ሥራ የነጋዴው ነው፡፡ የእህል ሰብሳቢው በጥር ወር ገንዘብ ይዞ ሲወርድ ከረጢት ይዞ ቢወርድና ዋጋውን ከእህሉ ላይ ቢቆርጥ፣ በሐምሌ ያልነቀዘ እህል የሚያገኘው ራሱ ነው፡፡ የዱቄት ፋብሪካዎች ንጹሕ እህል በተሻለ ዋጋ እንደሚቀበሉ አስቀድመው ቢያስታውቁ ገበሬው ለማቆየት ምክንያት ይኖረዋል፡፡ ባለሀብቶች ደግሞ ደረሰኝ የሚሰጥ መጋዘን በወረዳ ከተሞች ቢያቋቁሙ፣ ያስቀመጠው እህል ለገበሬው ብድር ሊያመጣለት ይችላል፡፡

ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ በየዓመቱ ይመጣል፤ ገበሬውም በእጁ ያለችውን ትርፍ ገንዘብ ለአንድ ነገር ማዋሉ አይቀርም፡፡ ነጋዴው ከረጢትና መጋዘን ይዞ ካልቀረበ፣ ጠመንጃ ይዞ የሚቀርብ ሰው አይጠፋም፡፡ ያኔ ዝንጀሮው የማሳውን ጠርዝ፣ ነቀዙ ጎተራውን ይበላሉ፤ ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ሆኖ ሁለቱንም ያያል፡፡